ፋይቴዝ ጨምሬ ዲሲፒ ቀነስኩ፤ የ19 ቀን የሥጋ ዶሮዎቼ ግን እግራቸው እየደከመ ነው

የሰበታው ጀማሪ (መጋቢት 8፣ ጠዋት)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ኮብ 500 ከሚባለው የሥጋ ዶሮ ዝርያ 400 ጫጩቶች የካቲት 19 ቀን አስገብቼ ለፋሲካ ለማድረስ እያሳደግሁ እገኛለሁ። ይህ ሦስተኛ ዙሬ ሲሆን፣ ባለፉት ሁለት ዙሮች በእግር በኩል ያጋጠመኝ ችግር አልነበረም። በዚህ ዙር የዲሲፒ (ፎስፈረስና ካልሲየም የሚሰጠው የማዕድን ዱቄት) ዋጋ ስለከበደኝ፣ የመኖ ማሟያ የምገዛበት ሱቅ ባለቤት ፋይቴዝ የሚባል ኢንዛይም አሳየኝና «ይህን ከጨመርክ ከዲሲፒው ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ቀንስ» አለኝ። እኔም እንደተባልሁት አደረግሁ።

አሁን የምቀላቅለው የስታርተር (የመጀመሪያ ዕድሜ ጫጩት) መኖ በኩንታል የሚከተለው ነው፦ በቆሎ 54 ኪሎ፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 30 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 8 ኪሎ፣ ፉርሽካ 4 ኪሎ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 2.4 ኪሎ፣ ዲሲፒ 0.6 ኪሎ፣ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ) 0.5 ኪሎ፣ ጨው 0.3 ኪሎ፣ ላይሲንና ሜታዮኒን የተባሉት አሚኖ አሲዶች በድምሩ 0.2 ኪሎ፣ ኢንዛይም 10 ግራም። ባለፉት ዙሮች ዲሲፒው 1.8 ኪሎ፣ የኖራ ድንጋዩ ደግሞ 1.2 ኪሎ ነበር፤ የተቀረው አልተለወጠም።

ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ዶሮዎቹ ወደ መኖው ለመሄድ ይዘገያሉ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደው ይቀመጣሉ፣ አንዳንዶቹም በቁርጭምጭሚታቸው ተንበርክከው ይበላሉ። ዛሬ ጠዋት ስቆጥር 61 ሆነዋል። የተሸጠልኝ ኢንዛይም የተበላሸ ይሆን? ወይስ የሳትሁት ነገር አለ?

የለገጣፎዋ አርቢ (መጋቢት 8፣ ረፋድ)

አይዞዎት ወንድሜ። በእኔ ግምት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ኢንዛይሙ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ሱቅ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ኃይሉን አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የምርት ቀኑን ይመልከቱ። ሁለተኛው፣ እግር የሚደክመው ካልሲየም ሲያንስ ስለሆነ የኖራ ድንጋዩን ወደ 3 ኪሎ ቢያሳድጉት አይከፋም። እኔ ለእንቁላል ጣዮቼ በኩንታል 8 ኪሎ እሰጣለሁ፣ አንድም ቀን እግራቸው አልደከመም። በዚያውም መኖውን ማቅረብዎን አያቋርጡ፤ የደከሙትን ለይተው መኖና ውኃ አጠገባቸው ያኑሩላቸው።

መኖ ቀላቃይ፣ ገላን (መጋቢት 8፣ ከሰዓት)

እኅቴ የደከሙትን ስለ መለየት የተናገሩት ትክክል ነው። የኖራ ድንጋዩን ስለ መጨመር የሰጡት ምክር ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ ሁኔታ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ጉዳዩ በቁጥር ካልታየ ስለማይገባ ጥቂት ልዘርዝረው።

ከበቆሎም ሆነ ከፋጉሎ የሚገኘው ፎስፈረስ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ያህል ፋይቴት በሚባል ውሕድ ውስጥ የታሰረ ነው። ፋይቴት ዘሩ ሲበቅል እንዲጠቀምበት ያከማቸው ስንቅ ነው፤ ዶሮ ይህን ስንቅ የሚፈታ ኢንዛይም በበቂ መጠን ስለሌላት፣ ፎስፈረሱ በአንጀቷ አልፎ ከኩሷ ጋር ይወጣል። ስለዚህ በመኖ ሠንጠረዥ ላይ የምናየው «ጠቅላላ ፎስፈረስ» አንድ ነገር ሲሆን፣ ዶሮዋ በእርግጥ የምታገኘው ሌላ ነው። ዲሲፒ የምንጨምረውም ጉድለቱን ለመሙላት ነው። ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ ያንን ስንቅ ከፍቶ የታሰረውን ፎስፈረስ በከፊል ይለቅቃል፤ በከፊል የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ።

አሁን ወደ እርስዎ ድብልቅ ልምጣ። የኖራ ድንጋይ 38 ከመቶ ገደማ ካልሲየም አለው፤ ዲሲፒ 23 ከመቶ ገደማ ካልሲየምና 18 ከመቶ ገደማ ፎስፈረስ አለው። በቀድሞው ድብልቅዎ ከኖራ ድንጋዩ 0.46፣ ከዲሲፒው 0.41፣ ከእህሉና ከፋጉሎው ደግሞ 0.14 ያህል ካልሲየም ይገኝ ስለነበር ድምሩ 1.0 ከመቶ ይመጣል። ለዶሮዋ የሚደርሰው ፎስፈረስ ከዲሲፒው 0.32፣ ከዕፅዋቱ 0.15 ያህል ሆኖ 0.47 ከመቶ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሠንጠረዥ ላይ እስከ ሦስት ሳምንት ዕድሜ ላለ የሥጋ ዶሮ የተመለከተው 1.00 ከመቶ ካልሲየምና 0.45 ከመቶ ፋይቴት ያልሆነ ፎስፈረስ ነው። ሁለቱን ዙሮች ያለ ችግር ያሳለፉት በአጋጣሚ አልነበረም።

አሁን ያለውን ይመልከቱ። ከኖራ ድንጋዩ 0.91፣ ከዲሲፒው 0.14፣ ከዕፅዋቱ 0.14፣ በድምሩ 1.19 ከመቶ ካልሲየም ሆነ። ፎስፈረሱ ግን ከዲሲፒው 0.11፣ ከዕፅዋቱ 0.15፣ በድምሩ 0.26 ከመቶ ብቻ ነው። በግራም 5000 አሃድ ጥንካሬ ካለው ምርት 10 ግራም በኩንታል ሲገባ በኪሎ መኖ 500 አሃድ ይደርሳል፤ ይህ የተለመደው መጠን ሲሆን በጥሩ ሁኔታ የሚለቀው ፎስፈረስ ከ0.10 ከመቶ ጥቂት ከፍ ይላል። እንደዚያም ሆኖ 0.36 ላይ ነው የምንደርሰው። ካልሲየሙና ፎስፈረሱ ሁለት ለአንድ ገደማ ሊሆኑ ሲገባ ከሦስት ለአንድ በላይ ሆነዋል ማለት ነው።

ዋናው ነጥብ ደግሞ ገና ነው። ያ ትርፍ ካልሲየም ኢንዛይሙንም አያሠራውም። ፋይቴዝ በደንብ የሚሠራው ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት ከመውረዱ በፊት በሚያርፍበት አሲዳማ የጨጓራ ክፍል ነው፤ የኖራ ድንጋይ ደግሞ አሲዱን ያዳክማል፣ ይልቁንም ደቅቆ የተፈጨው። ከዚህም በላይ ካልሲየሙ ከፋይቴቱ ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ጓል ይሠራል፣ ኢንዛይሙም የሚይዝበት ቦታ ያጣል። ዚንኩም በዚያው ጓል ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የሚጠበቀው 0.10 እንኳ በዶሮዎችዎ አንጀት ውስጥ እንደማይገኝ እገምታለሁ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን በእኔ ወፍጮ ደጃፍ በየጊዜው አየዋለሁ። ሰው 1.2 ኪሎ ዲሲፒ ሲያወጣ ኩንታሉ ይጎድልበታል፤ ጎዶሎውንም የሚሞላው በእጁ ካለው ነጭ ዱቄት ሁሉ በሚረክሰው፣ ማለትም በኖራ ድንጋይ ነው። ጎዶሎው መሞላት ያለበት በበቆሎ ነበር።

የሰበታው ጀማሪ (መጋቢት 8፣ ከሰዓት)

በትክክል እንዳሉት ነው ያደረግሁት። ኩንታሉን ለመሙላት ነበር፤ ካልሲየም የሚበዛበት መስሎ አልታየኝም። ታዲያ ዲሲፒው ምን ያህል ሊቀነስ ይገባ ነበር?

መኖ ቀላቃይ፣ ገላን (መጋቢት 8፣ ማታ)

ኢንዛይሙ 0.10 ከመቶ ፎስፈረስ ይተካል ብለን በጥንቃቄ ብንይዝ፣ በኩንታል 100 ግራም ፎስፈረስ ማለት ነው። ይህን ለ18 ከመቶ ብናካፍለው 555 ግራም ዲሲፒ ይሆናል። ስለዚህ ከ1.8 ወደ 1.25 ኪሎ ነበር የሚወርደው፣ ወደ 0.6 ኪሎ አይደለም። ሻጩ የተናገረው «ሁለት እጅ» በሌላ አገር ከፍ ባለ መጠን ለሚሰጥ ኢንዛይም ተብሎ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ በ10 ግራም ግን አይሆንም።

የኖራ ድንጋዩ 1.2 ኪሎ እንደነበረ ይቆይ። «ዲሲፒው ሲወጣ ካልሲየሙስ?» ብለው ቢጠይቁ፣ በ550 ግራም ዲሲፒ ውስጥ የሚወጣው ካልሲየም 0.13 ከመቶ ያህል ነው፤ ኢንዛይሙም ከፋይቴቱ ጋር ታስሮ የነበረውን ካልሲየም ሲለቅቅ ከሞላ ጎደል ይኸንኑ ያህል ይመልሳል። ሒሳቡ በራሱ ይዘጋል፣ እጅ ማስገባት አያስፈልገውም። የጎደለውን 550 ግራም በበቆሎ ይሙሉ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ (መጋቢት 9፣ ጠዋት)

ሒሳቡ አሳማኝ ነው፤ ሆኖም ሁሉን ነገር በመኖ ላይ ከመጫናችን በፊት ዶሮዎቹን እንያቸው። የእግር መድከም ብዙ ምክንያት አለው።

በመጀመሪያ ከደከሙት ሦስቱን ይዘው የቁርጭምጭሚታቸውን ኋላ ይዳስሱ። ጅማቱ ከቦታው ወደ ጎን ተንሸራቶ እግሩ ወደ ውጭ የተጠመዘዘ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማንጋኒዝ ወይም የኮሊን እጥረት ስለሆነ ወደ ፕሪሚክሱ ነው የምንመለከተው። መገጣጠሚያው አብጦ የሚሞቅ ከሆነ ኢንፌክሽን እጠረጥራለሁ፤ ያን ጊዜ ቅርብ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ይዘው ይሂዱ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ፣ ምንቃራቸውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዘው ቀስ ብለው ይጫኑት፤ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ከሆነ አጥንቱ አልጠነከረም ማለት ነው። በመጨረሻም የማይተርፍ መስሎ ከሚታየው አንዱን አርደው የቅልጥሙን አጥንት ሥጋውን ገፍፈው በሁለት እጅ ይስበሩት። የጤነኛ ዶሮ ቅልጥም ቀጭ ብሎ ነው የሚሰበረው። የሚታጠፍ ከሆነ የአጥንት መለስለስ፣ በተለምዶ ሪኬትስ የምንለው፣ ነው።

የካልሲየም፣ የፎስፈረስና የቫይታሚን ዲ3 እጥረት ሦስቱም አጥንት ያለሰልሳሉ፤ በዓይን ብቻ መለየቱ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የፕሪሚክሱን ከረጢት አንብበው የዲ3 መጠኑንና የማብቂያ ቀኑን ይጻፉልን። ሌላም ላክል፦ ካልሲየም ሲበዛ ፎስፈረስ ቢኖርም እንኳ ስለማይመጠጥ፣ ጉድለቱ ከወረቀቱ በላይ ከባድ ሆኖ ነው የሚታየው። የ8 ኪሎውን ነገር በተመለከተ ደግሞ፣ የጣይ ዶሮ መኖ ለሥጋ ጫጩት ቢሰጥ ኩላሊቱን ይጎዳል፤ አርደን ስንከፍት ኩላሊቱ አብጦ በነጭ ዩሬት (የሽንት አሲድ ጨው) ተሞልቶ እናገኘዋለን። እንቁላል የማይጥል እንስሳ ያን ሁሉ ካልሲየም የሚያኖርበት ቦታ የለውም።

የለገጣፎዋ አርቢ (መጋቢት 9፣ ረፋድ)

ትምህርት ነው ዶክተር። ለጫጩት ስጡ ማለቴ አልነበረም፤ ነገር ግን «እግር ከደከመ ካልሲየም» የሚለው አነጋገር በሁላችንም አፍ ላይ ያለ ስለሆነ እኔም ደገምሁት። ምክሬን መልሼ ወስጃለሁ።

የሰበታው ጀማሪ (መጋቢት 9፣ ማታ)

ያሉትን ሁሉ አደረግሁ። ቁርጭምጭሚታቸው አላበጠም፣ ጅማቱም በቦታው ነው። ምንቃሩ ግን፣ እውነቱን ለመናገር ሳልጫነው ነው የታጠፈው። አንዱን አርጄ ቅልጥሙን ልሰብር ስሞክር እንደ እርጥብ ሸምበቆ ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም፤ ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ካጠፍሁት በኋላ ነው የተለያየው። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ነበርና «ይህስ ለወጥም አይሆንም» አለችኝ። የፕሪሚክሱ ማብቂያ ቀን ገና ስምንት ወር ይቀረዋል፣ ዲ3ም ተጽፎበታል፤ ባለፉት ዙሮች የተጠቀምሁበትም ይኸው ምርት ነው።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ (መጋቢት 10፣ ጠዋት)

እንግዲያው ፎስፈረሱን እንያዝ። ከተቀላቀለው መኖ የተረፈውን አይስጧቸው፤ ዛሬውኑ አዲስ ይቀላቅሉ። አጥንታቸው እስኪያገግም ድረስ ለጥቂት ቀናት በስታርተሩ ደረጃ ቢቆዩ ይሻላል። በውኃ የሚሟሟ ቫይታሚን ዲ3 በአምራቹ በተጻፈው መጠን ለተወሰኑ ቀናት መስጠት ይቻላል፤ ከዚያ አያልፉ፣ ዲ3 ሲበዛ እርሱም መርዝ ነው። አጥንታቸው ለስልሶ ገና ያልተጣመመባቸው ይነሣሉ። የተጣመመባቸው ግን ቢያድጉም ጥመቱ አይመለስም።

ከሱሉልታ (መጋቢት 10፣ ከሰዓት)

በዚሁ ክር ላይ አንድ ጥያቄ ልጨምር። እኔ በቆሎ ሲወደድ ፉርሽካውን ወደ 15 ኪሎ አደርሳለሁ። ሱቁ ውስጥ ፋይቴዝና ዛይላኔዝ አንድ ላይ ያለበት «ባለ ብዙ ኢንዛይም» የሚባል ዱቄት አለ፤ ዋጋው እጥፍ ነው። ያዋጣል? በእኔ በኩል የሚታየው ችግር እግር ሳይሆን፣ ሰጋቱራው ቶሎ የሚረጥብና ኩሱ የሚያጣብቅ መሆኑ ነው።

መኖ ቀላቃይ፣ ገላን (መጋቢት 10፣ ማታ)

እርስዎ ዘንድ ሊያዋጣ ይችላል፤ በሰበታው ወንድማችን ድብልቅ ላይ ግን ብዙም አይታየኝም። ዛይላኔዝ የሚሠራው አራቢኖዛይላን በሚባለው የስንዴ ቃጫ ላይ ነው። ይህ ቃጫ በአንጀት ውስጥ ውኃ ይዞ እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ ምግቡም ሳይፈጭ ያልፋል፣ ኩሱም ይጣበቃል። ስንዴና ፉርሽካ የበዛበት መኖ ላይ ዛይላኔዝ ውጤቱ በሰጋቱራው ላይ ሳይቀር ይታያል። በቆሎና አኩሪ አተር በሚበዛበት መኖ ውስጥ ግን እንዲህ የሚወፍር ቃጫ ጥቂት ነው። ገብስ ለሚጠቀም ደግሞ ቤታ ግሉካኔዝ ነው የሚያስፈልገው።

ሆኖም ከመግዛትዎ በፊት የመጠጫውን ፍሳሽና የጨዉን መጠን ያረጋግጡ፤ ጨው ሲበዛ ዶሮ ብዙ ስለምትጠጣ ሰጋቱራው በየትኛውም ኢንዛይም አይደርቅም። በእናንተ ከፍታና ብርድ ደግሞ ትርፍ ጨው ሆድ ውስጥ ውኃ የሚቋጥረውን በሽታ ያባብሳል።

አንድ የማይዘነጋ ነገርም አለ። ፉርሽካ ፎስፈረስ እጅግ ይበዛበታል፣ አብዛኛው ግን በፋይቴት የታሰረ ነው። ፉርሽካ ሲበዛ ፋይቴዝ የሚከፍተው ስንቅ በዛ ማለት ነው፤ ካልሲየሙ ልክ ከሆነ። ወደ ካልሲየሙ እንደምመለስ ያውቁኛል።

የለገጣፎዋ አርቢ (መጋቢት 11፣ ጠዋት)

መኖ ቀላቃዩን ልጠይቅ፤ ኢንዛይም በሙቀት ይሞታል የሚባለው እውነት ነው? እንክብል መኖ የሚያዘጋጅ ወፍጮ ኢንዛይሙን ከውስጥ ከጨመረው ምን ይሆናል?

መኖ ቀላቃይ፣ ገላን (መጋቢት 11፣ ከሰዓት)

እውነት ነው፣ እኔም የተማርሁት ከኪሴ ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ እንደ እንቁላል ነጭ ሲሞቅ ቅርጹን ያጣል። መጀመሪያ እንክብል መሥራት ስጀምር ተራውን የዱቄት ፋይቴዝ ከድብልቁ ጋር አብሬ በእንፋሎት 85 ዲግሪ ገደማ አሳልፌው ነበር። ዲሲፒውን ቀንሼ ስለነበር ደንበኛዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልክ ሲደውልልኝ የተናገረው፣ ከሰበታው ወንድማችን የመጀመሪያ መልእክት ጋር አንድ ነበር። ያንን መኖ በራሴ ኪሣራ ተክቻለሁ። አሁን ለእንክብል የምጠቀመው በልባስ የተሸፈነውን ነው፤ ልባሱም እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ከከረጢቱ ላይ አነባለሁ። ትልልቅ ፋብሪካዎች ፈሳሹን ከእንክብሉ በኋላ ይረጩታል፤ እኛ ዘንድ ለዚያ የሚሆን መሣሪያ የለም። በአካፋ ለሚቀላቀል ዱቄት መኖ ግን ይህ ሥጋት የለም።

ማከማቻን በተመለከተ እኅቴ በመጀመሪያ ያሉት ልክ ነበር። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስፈልገዋል። ከማዕድንና ከኮሊን ጋር አንድ ላይ ተቀላቅሎ ወራት ከቆየም ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የዛሬ ሦስት ወር የሚጠቀሙበትን ዛሬ ከፕሪሚክሱ ጋር አያዋሕዱት። በሌላ በኩል ፕሪሚክሱ ራሱ ፋይቴዝ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍሉ ከረጢቱን ያንብቡ።

የሰበታው ጀማሪ (መጋቢት 11፣ ማታ)

አዲሱን ድብልቅ ትናንት አዘጋጅቻለሁ፦ በቆሎ 54.55፣ ዲሲፒ 1.25፣ የኖራ ድንጋይ 1.2፣ ሌላው እንደነበረው። አንድ ጥርጣሬ ግን አለኝ። 10 ግራም በ100 ኪሎ ውስጥ እንዴት እኩል ይዳረሳል? እስከ አሁን ከላይ በትኜ በአካፋ ነበር የማገላብጠው።

መኖ ቀላቃይ፣ ገላን (መጋቢት 11፣ ማታ)

ከላይ መበተን አይበቃም። ያ ከሆነ አንዱ ዶሮ የአሥር ዶሮ ሲበላ ሌላው ምንም አያገኝም፤ 61ዱ ደክመው የተቀሩት መቆማቸውም በከፊል ከዚህ ሊመጣ ይችላል። 10 ግራሙን በትንሽ ሚዛን ይመዝኑ፤ ወጥ ቤት ያለው የኬክ ሚዛን ይበቃል፣ ማንኪያ ግን አይሆንም። በላስቲክ ባልዲ ውስጥ ከግማሽ ኪሎ ደቃቅ የበቆሎ ዱቄት ጋር በደረቅ እጅ አሹት። ከዚያ 2 ኪሎ፣ ቀጥሎ 10 ኪሎ እየጨመሩ ያዋሕዱ፤ ፕሪሚክሱንና አሚኖ አሲዶቹን በ10 ኪሎው ላይ ያስገቡ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ በሸራ ላይ ከተዘረጋው መኖ ጋር ክምሩን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ቢያንስ አራት ጊዜ ያዛውሩት። ጨውና የኖራ ድንጋይ ግን በትንሹ ባልዲ ውስጥ ከኢንዛይሙ ጋር አብረው አይግቡ፤ ወደ ትልቁ ክምር ይሂዱ።

የሰበታው ጀማሪ (መጋቢት 22፣ ጠዋት)

ውጤቱን ላሳውቅ ቃል ገብቼ ነበር። ከ61ዱ 9ኙ ሞተዋል ወይም ታርደዋል፤ 14ቱ እግራቸው ተጣምሞ ቀርቷል፣ እየጎተቱ ይበላሉ፤ 38ቱ ተነሥተዋል። ከመጋቢት 14 ወዲህ አዲስ የደከመ አላየሁም። ትናንት በሌላ ምክንያት የሞተ አንድ ዶሮ ነበርና ቅልጥሙን ሰበርሁት፤ ከበሩ ውጭ ያለው ልጄ ድምፁን ሰምቶ «ምን ተሰበረ?» ብሎ ገባ።

ክብደታቸው ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። ትናንት 20 ስመዝን አማካዩ 1.3 ኪሎ ነው፤ በሁለተኛው ዙር በዚሁ ዕድሜ 1.6 ነበሩ። በዲሲፒ ያተረፍሁትን ብር በመኖና በቀን እየመለስሁት ነው፤ ለፋሲካም የማደርሰው ከመንጋው ግማሹን ያህል ይመስለኛል። የተቀሩትን ለዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን አቆያቸዋለሁ።

የለገጣፎዋ አርቢ (መጋቢት 22፣ ረፋድ)

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚህም የከፋ ይመጣ ነበር። ከመለያየታችን በፊት አንድ ጥያቄ፤ እኔም ለጣዮቼ ፋይቴዝ ልጀምር አስቤ ነበርና፣ ይኸው የ550 ግራም ቅነሳ ይሠራልኛል?

መኖ ቀላቃይ፣ ገላን (መጋቢት 22፣ ከሰዓት)

አይሠራልዎትም እኅቴ። የጣይ መኖ ካልሲየሙ 3.5 ከመቶና ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ የፎስፈረሱም ፍላጎት ከጫጩት ስለሚያንስ፣ ሒሳቡ ከመነሻው ሌላ ነው፤ የኖራ ድንጋዩ ደቅቆ ይፈጭ ወይስ በጠጠር መልክ ይግባ የሚለውም አብሮ ይነሣል። ሙሉ ድብልቅዎን ከነኪሎው በአዲስ ክር ይጻፉልኝና እዚያ እንሥራው።